የተሰበረ ታኮ ይዤ ስድስት ቀን በኢጣሊያ

ሻንጣዬን ከማሰናዳቴ በፊት ያዘጋጀሁት አንድ የጨርቅ ከረጢት ነው። ውስጡ ጥንድ የሴት ጫማ አለ፤ ጥቁር፣ 38 ቁጥር፣ ታኮው 9 ሴንቲ ሜትር። የግራው ደህና ነው። የቀኙ ታኮ ግን ከመሬት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ለሁለት ተቀንጥሷል። የነደፍኩት እኔ ነኝ። ጫማውን ያደረገችው ሴት ደረጃ ስትወርድ ከዳት፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ መዳፏ ከመላጥ አላለፈም። ስትመልስልኝ አልተቆጣችም። "ለምን እንደተሰበረ ብቻ ንገሪኝ" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የሠራውን ድርጅት ብጠይቅ "ፕላስቲኩ ነው" አለኝ፤ ፕላስቲኩን ያቀረበው ደግሞ "አሠራሩ ነው" አለ። እኔ የማውቀው ወረቀት ላይ መሣል ነበር። ታኮ ሲወለድ በዓይኔ ሳላይ ሌላ ታኮ አልሥልም ብዬ ነው የተነሣሁት። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቀን 1፦ ቪጄቫኖ

ከሚላን ወደ ደቡብ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባቡሩ የቲቺኖን ወንዝ ከተሻገረ ብዙም ሳይቆይ ቪጄቫኖ ይደርሳል። በ1950ዎቹ ይህች ከተማ የኢጣሊያ የጫማ መዲና ነበረች፤ ጫማውን ብቻ ሳይሆን ጫማ የሚሠሩትን ማሽኖችም ታመርት ነበር። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

መሐሏ ላይ ፒያሳ ዱካሌ አለ፤ የሚላን ገዢ የነበረው ሉዶቪኮ ስፎርዛ ከ1492 እስከ 1494 ባለው ጊዜ ያሠራው፣ በቅስት ደጀሰላም የተከበበ አደባባይ። ከአደባባዩ ጀርባ ቤተ መንግሥቱ፣ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ደግሞ የጫማ ሙዚየሙ ይገኛል። ከቆዩት ዕቃዎች አንዱ የሉዶቪኮ ሚስት የቤያትሪቼ ዴስቴ ነው የሚባል ነጠላ ጫማ ነው። አምስት መቶ ዓመት የኖረ ቆዳ። ቀረብ ብዬ አየሁትና ወደመጣሁበት ጉዳይ አለፍኩ።

የመጣሁት ለቀጭኑ ታኮ ነው። ኢጣሊያኖች "ታኮ አ ስፒሎ" ይሉታል፤ የእኛ ቋንቋ ታኮንም ስፒልንም ከእነሱ ስለወሰደ ያለ አስተርጓሚ ገባኝ፤ ባለስፒል ታኮ። ከተማዋ በ1953 እዚህ ተወለደ ትላለች። ፈረንሳዮች በዚያው ዓመት ከዲዮር ፋሽን ቤት ጋር መሥራት የጀመረውን ጫማ ነዳፊ ሮጀር ቪቪዬን ይጠቅሳሉ። ማን ቀድሞ ሣለው የሚለው ክርክር እኔን ብዙ አልያዘኝም። ቀጭን ታኮ መሣል የቻሉ ሰዎች ከዚያ በፊትም ነበሩ፤ ችግሩ የሚሸከመውን ማግኘት ነበር። እንጨት ሲቀጥን በጭረቱ አቅጣጫ ይሰነጠቃል። ጣት የማያክል ታኮ ሰው ተሸክሞ ሊሄድ የቻለው መሐሉ ላይ የብረት ዘንግ ሲገባለት፣ በዙሪያው ደግሞ ፕላስቲክ በማሽን ሲፈስበት ነው። ለዚህም ነው ማሽን ሠሪ ከተማ "የኔ ነው" ስትል የማምናት።

ማታ ከመተኛቴ በፊት የተሰበረውን ታኮ አወጣሁት። የስብራቱ ፊት ነጣ ያለ ሻካራ ፕላስቲክ ነው፤ መሐሉ ላይ የምታበራ ትንሽ የብረት ቀለበት አለች። የዘንጉ ጫፍ ናት፤ ዘንጉ ቱቦ ስለሆነ ነው ቀለበት የሆነችው። "ብረቱም አብሮ ተቆረጠ ማለት ነው" ብዬ ማስታወሻ ላይ ጻፍኩ።

ቀን 2፦ ፍሎረንስ

ከባቡር ጣቢያው በእግር ወደ አርኖ ወንዝ ወረድኩ። ከሳንታ ትሪኒታ ድልድይ አጠገብ ምሽግ የመሰለ የድንጋይ ቤት አለ፤ ፓላትዞ ስፒኒ ፌሮኒ ይባላል። ሳልቫቶሬ ፌራጋሞ በ1938 ገዛው፤ ዛሬ ከምድር ቤቱ የስሙ ሙዚየም አለ።

ፌራጋሞ በ1898 ቦኒቶ በምትባል የደቡብ ኢጣሊያ መንደር ተወልዶ፣ ገና በልጅነቱ አሜሪካ ተሻግሮ፣ ለሆሊውድ ተዋንያን ጫማ ሲሠራ ቆይቶ በ1927 የተመለሰ ሰው ነው። እኔን የሳበኝ ግን ዝናው አይደለም። ሎስ አንጀለስ ሳለ የሰው አካል አሠራር ትምህርት መከታተሉ ነው። ጫማው ለምን እንደሚያሳምም ለማወቅ ነበር የገባው፤ ከዚያ የወጣው ደግሞ ክብደታችን በእግራችን ቅስት ላይ እንደሚወርድ ተረድቶ ነው። ስለዚህ ከጫማው ወገብ ሥር፣ በውስጥ ሶሉ መካከል፣ ቀጭን የብረት ላሜራ አስገባ። ባለታኮ ጫማ ተረከዝንና የፊት መዳፍን የሚያገናኝ ድልድይ ነው፤ ያ ብረት ከሌለ ወይም ከለሰለሰ ድልድዩ ይረግባል፣ ታኮውም ወደኋላ ይገፋል።

ከዚያ ከአንድ ሽብልቅ ታኮ ፊት ደረስኩ፤ ዌጅ የምንለው፣ ከተረከዝ እስከ መዳፍ ክፍተት ሳይተው የሚሞላው። ታሪኩን ሳነብ እግሬ ተተከለ። በ1935 ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር የመንግሥታት ማኅበር ማዕቀብ ጣለባት። ጥሩ ብረት ከገበያ ጠፋ፤ ፌራጋሞ ያገኘው ብረት ጥራት የሌለው ሆነና ጫማዎቹ ወገባቸው ላይ ይሰበሩ ጀመር። ብረቱ የሚሸከመውን ክፍተት ራሱን ለምን አልሞላውም ብሎ ከሰርዲኒያ የቡሽ እንጨት አምጥቶ፣ ቁራጭ በቁራጭ እያጣበቀና እየላገ ሞላው። ዘመናዊው ሽብልቅ ታኮ እንዲህ ተወለደ።

ስንት ጊዜ ሥዬዋለሁ! በቡሽ፣ በገመድ የተጠቀለለ፣ በቆዳ የለበሰ። አንድም ቀን መነሻውን አልጠየቅኩም። የአያቶቻችን አገር በጋዝና በቦምብ ስትቃጠል፣ በዚያው ወረራ ምክንያት አንድ ጫማ ሠሪ ብረት አጥቶ ቡሽ ይልግ ነበር። ሰውየውን ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው፤ የፈጠራውን ብልኅነት አደንቃለሁ። ግን ከአሁን በኋላ ያንን መስመር ስሥል እጄ ያንን ዓመት ሳያስታውስ አያልፍም። ከፊቱ ለብዙ ደቂቃ ቆሜ ቀረሁ፤ ጎብኚዎች በጎኔ እያለፉ ሄዱ።

ሌላ ክፍል ውስጥ የደንበኞቹ የእንጨት ፎርማዎች፣ ማለትም ጫማ የሚወጠርባቸው የእግር ቅርጾች፣ አሉ፤ ለእያንዳንዷ ሴት እግር የተጠረቡ። የ1947ቱን "የማይታይ" ሰንደልም አየሁ፤ ፊቱ ከናይለን ክር የተሠራ፣ ሥሩ ወደ ውስጥ የተቀረጠፈ ሽብልቅ። ክሩ ዓይንን ቢወስድም ጫማው የቆመው በታኮው ነው።

ወደ ማረፊያዬ ስመለስ የመንገዱን ጥርብ ድንጋይ በቀጭን ታኮ የሚረግጡ ሴቶችን እያየሁ በልቤ አሰላሁ። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ለቅጽበት ሙሉ ክብደቷን 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር በሆነ የታኮ ጫፍ ላይ ብታሳርፍ፣ በዚያች ነጥብ ላይ 60 ኪሎ ይወርዳል ማለት ነው። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት በካሬ ሴንቲ ሜትር 2 ኪሎ ገደማ ነው። እኛ ንድፍ አውጪዎች ግን "ትንሽ ቢቀጥንስ?" እንላለን።

ቀን 3፦ ቬኒስና ስትራ

ቬኒስ የቆየሁት ግማሽ ቀን ነው። ኮረር ሙዚየም ውስጥ የድሮ ሴቶች የሚረግጡበት፣ ቁመቱ ወደ ግማሽ ሜትር የሚጠጋ የእንጨት መቆሚያ ጫማ አለ። ይህ ግን ታኮ አይደለም፤ እግሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ነው ከፍ ያለው። የታኮ ትርጉም በተረከዝና በፊት መዳፍ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ታኮ ከፊቱ 3 ሴንቲ ሜትር ወፍራም ሶል ካለው፣ እግር የሚያውቀው 7ቱን ብቻ ነው።

ከሰዓት በብሬንታ ወንዝ ዳር ወዳለችው ስትራ ሄድኩ። ጆቫኒ ልዊጂ ቮልታን አሜሪካ ደርሶ ተመልሶ በ1898 በማሽን የሚሠራ የጫማ ፋብሪካ የከፈተው እዚህ ነው፤ የአካባቢው የጫማ ሙያ ከዚያ ወዲህ አልተቋረጠም፤ ዛሬ ለታላላቅ የፋሽን ቤቶች የሚሠራ የሴቶች ጫማ ይወጣበታል። በቪላ ፎስካሪኒ ሮሲ ያለውን የጫማ ሙዚየም ሊዘጋ ሲል ነው የደረስኩት፤ ሮጥ ሮጥ ብዬ ወጣሁ። ሐሳቤ ነገ ላይ ነበር።

ቀን 4፦ ታኮ ፋብሪካ

በሩ ላይ "ታኪፊቾ" ይላል። ጫማ አይሠራም፤ ታኮ ብቻ ነው የሚሠራው። እዚህ አገር ፎርማ የሚሠራው ሌላ፣ ታኮ የሚሠራው ሌላ፣ ጫማውን የሚገጣጥመው ሌላ ነው። ገና ስገባ የማስቲሽ ሽታ ተቀበለኝ። ሠራተኞቹ ሲጠራሩ ጆሮዬ ማስቲሽ፣ ላሜራ፣ ሞርሳ፣ ካቻቪቴ የሚመስል ነገር እየለቀመ ልቤ ሞቀ።

ሞዴል ሠሪው ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታኮ ሲጠርቡ የኖሩ። ከረጢቴን ፈትቼ የተሰበረውን ሰጠኋቸው። አላዩትም። "ፎርማውስ?" አሉኝ በአስተርጓሚው በኩል።

"አላመጣሁም" አልኳቸው።

"እንግዲያው ደህናውን ጫማ ስጪኝ። ታኮ ለብቻው ምንም አይደለም፣ ልጄ።"

የግራውን ጫማ በወፍራም መስታወት ላይ አቆሙት። መሬት ከሚረግጠው የታኮው ጫፍ ጎማ ሥር ስስ ወረቀት ሊያስገቡ ሞከሩ፤ ከፊትም ከኋላም አልገባም። ጎማው ሙሉ በሙሉ አርፏል ማለት ነው። ከዚያ ጫፉ ላይ ትንሽ የእርሳስ ብረት የታሰረበት ክር አወጡና ከተረከዙ መቀመጫ መካከል ወደታች ለቀቁት። ክሩ የታኮው ጫፍ ላይ ወረደ። ጫፉ ከክሩ ወደኋላ ቢወጣ ኖሮ እያንዳንዱ እርምጃ የጫማውን ወገብ ያጥፈው ነበር፤ ወደፊት ቢገባ ደግሞ ሴቲቱ ወደኋላ የመውደቅ ስሜት ይሰማታል። በጣታቸው የፊቱን ጫፍ ተጫኑት፤ አልተናጠም። "አቋሙ ደህና ነው" አሉ። የአቋም ችግር ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ መልስ ይሆነኝ ነበር።

የተሰበረውን ያነሡት ከዚህ በኋላ ነው። ማጉያ መነጽር ዓይናቸው ላይ አድርገው ስብራቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ መነጽሩን ለእኔ ሰጡኝና "ብረቱ የተሰበረ ይመስልሻል?" አሉኝ።

አየሁ። ቀለበቷ ጠርዟ ለስላሳና ድፍን ክብ ነበረች፤ የትም ቦታ አልተቀደደችም፣ አልተጣመመችም፤ መሐሏም በፕላስቲክ ተሞልቷል። የተሰበረ ብረት እንዲህ አይሆንም።

"አልተሰበረም" አሉ። "እዚያ ጋ አልቋል።"

ጫማው ሲገጠም አብሮ የተሰጠኝን የታኮ ንድፍ ጠየቁኝ። ስልኬ ውስጥ ሁለት ነበሩ። በመጀመሪያው ታኮው ከመሬት 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ላይ መስፋት ይጀምራል። ሁለተኛው ከብዙ መመላለስ በኋላ እኔ ራሴ "ይቅጠን" ብዬ ያስተካከልኩት ነው፤ መስፋት የሚጀምረው 6 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ዘንጉ ግን ለመጀመሪያው ንድፍ የተመረጠው ነበር፤ 50 ሚሊ ሜትር። መስመሩን ወደላይ ስገፋው ብረቱን አብሬ አልገፋሁትም። ዘንጉ ሰፊው ክፍል ውስጥ ሳይደርስ ቀጭኑ አንገት ላይ አለቀ፤ ከዚያ በላይ የነበረው ፕላስቲክ ብቻ ነው። የሴትየዋ ክብደት ያረፈው እዚያ ድንበር ላይ ነው።

ፋብሪካውን ስወቅስ፣ ፕላስቲኩን ስወቅስ ከረምኩ። ስብራቱ ከእርሳሴ ነው የወጣው። ለደቂቃዎች መናገር አቃተኝ። ሽማግሌው ምንም አላሉኝም፤ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ወደ ማሽኖቹ ወሰዱኝ።

ፕላስቲኩ ኤቢኤስ ይባላል፤ እንደ ሩዝ ፍሬ በጆንያ ይመጣል። እርጥበት ስለሚስብ መጀመሪያ በሞቃት አየር ለሰዓታት ይደርቃል፤ ካልደረቀ ታኮው ውስጥ አረፋ ይቀራል። ሠራተኛዋ ሞልዱ፣ ማለትም የታኮው ቅርጽ ማውጫ፣ ሲከፈት በእያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ዘንግ ትተክላለች፤ ሞልዱ ይዘጋል፤ ከ220 እስከ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የጋለ ፕላስቲክ በኃይል ይገባበታል። ሲከፈት ታኮዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ። አንዱን ያዝኩት፤ አሁንም ትኩስ ነው።

ወፍራሙ ታኮ የሚቀል መስሎኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ መሐሉ ወፍራም ከሆነ ውጫዊው ገጽ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ስለዚህ ብሎክ ታኮ ከውስጡ ክፍት ሆኖ ነው የሚፈስሰው። ሌላም ነገር ተማርኩ፤ ለአንድ ንድፍ አንድ ሞልድ አይበቃም። የአውሮፓ የጫማ ቁጥር በየአንዱ 6.67 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ለ35 ቁጥር የተሠራ ታኮ 40 ቁጥር ሥር ቢገባ ጫማው መልኩም አቋሙም ይበላሻል። ናሙና በ37 ቁጥር ተሠርቶ ሲጸድቅ ነው ሌሎቹ በየደረጃው የሚወጡት።

ቀን 5፦ ቆዳ፣ ምስማር፣ መዶሻ

ጠዋት ታኮ የምታለብስ ሴት አጠገብ ተቀመጥኩ። ቆዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር እስኪሆን ተልጓል። ማስቲሹን በቆዳውም በታኮውም ቀባች፤ ጣቷን እየነካካች እስኪጨብጥ ጠበቀች። ከዚያ የቆዳውን መሐል ከታኮው ጀርባ መሐል አሳረፈች፤ በሁለት አውራ ጣቶቿ ከኋላ ወደፊት፣ ከመሐል ወደ ጠርዝ እየገፋች ሄደች። መጨማደድ የሚፈልገው ላይኛው ከንፈር ላይ ነው፤ እዚያ ቆዳውን በጥቃቅን እጥፋት ሰብስባ በአጥንት መላጊያ ደፈጠጠችው። በስተፊት በኩል የተረፈውን በአንድ ምት ቆረጠች። ስፌቱን ፈልጌ አጣሁት። አንዱን ለማልበስ ሞከርኩ፤ ሦስት ጊዜ አላቅቃ እንደገና ጀመረችልኝ፣ ፊቷ ላይ መሰልቸት ሳላይ።

የታኮው መቀመጫ የሚለካው ከባዶ ፎርማ ሳይሆን ቆዳውና ገበሩ ከተወጠሩበት ፎርማ መሆኑንም እዚህ ነው ያየሁት። የቆዳው ውፍረት ካልተቆጠረ በጫማውና በታኮው መካከል ክፍተት ይታያል፤ ያንን በማስቲሽ መሙላት ደግሞ ማታለል ነው። ታኮው የሚያያዘው ፎርማው ከወጣ በኋላ ከውስጥ በኩል፣ በውስጥ ሶሉ በኩል በሚገቡ ጥርስ ባላቸው ምስማሮችና በአንድ ብሎን ነው። ላዩን ስስ ቆዳ ይሸፍነዋል፤ ገዢዋ አታየውም።

ከሰዓት ወደ መፈተሻ ክፍሉ ገባን። ለታኮ ዓለም አቀፍ መለኪያዎች አሉ፤ አይኤስኦ 19953 ከጎን የሚመጣን ምት፣ 19956 ድካምን ይፈትሻል። ለመጀመሪያው ፔንዱለም መዶሻ ታኮውን ከጫፉ አጠገብ ይመታዋል፤ ሳይሰበር ከቀረ ኃይሉ እየተጨመረ ይቀጥላል። ድካሙ ግን ይለያል፤ ትንሽ ምት፣ እንደ እርምጃ፣ በሺዎች ጊዜ ይደጋገማል። የሴትየዋ ታኮ ያለቀው በዚህ ነው፤ በአንድ ደረጃ ሳይሆን ከዚያ በፊት በነበሩት ሁሉ።

ሽማግሌው የግራውን ታኮ ከጫማው ነቅለው ሞርሳ ላይ አሰሩትና "ልቁረጠው?" ብለው ጠየቁኝ። ቁረጡት አልኳቸው። መጋዙ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ከፈለው። ያው ነው። ዘንጉ 50 ሚሊ ሜትር ላይ ቆሟል፤ ከጫፉ ተነሥቶ በፕላስቲኩ ውስጥ የነጣ ስስ ስንጥቅ ጀምሯል። ይህኛውም ሊሰበር ተቃርቦ ነበር።

ቀን 6፦ እንደገና መሣል

ረጅም ዘንግ ብጨምር ነገሩ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው የ68 ሚሊ ሜትር ዘንግ አምጥተው ንድፌ ላይ አስቀመጡት። ዘንግ ቀጥ ያለ ነው፤ የእኔ ታኮ ግን ጀርባው ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው። ጫፉ በፊት በኩል ከመስመሩ ውጭ ወጣ። ብረቱ ይግባ ካልኩ መታጠፉ መቀነስ አለበት፤ መታጠፉ ይቅር ካልኩ የወደድኩት መልክ ይሄዳል።

ለግማሽ ቀን ታገልኩት። በመጨረሻ የጀርባውን መታጠፍ 2 ሚሊ ሜትር አቃናሁ፣ መስፋቱን ወደ 5 ሴንቲ ሜትር መለስኩ። ዘንጉ ሰፊው ክፍል ውስጥ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ገባ። ከበፊቱ ትንሽ ይወፍራል፤ ዓይኔ እስኪለምደው ቅር አለኝ፣ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። የሬዚን ፕላስቲክ ሞዴሉ ተሠርቶ ከፎርማው ጋር እስኪገጠም፣ ሞልዱ እስኪቆረጥና ናሙናው መዶሻው ሥር እስኪቆም ሳምንታት ይፈጃል። ከመፈተሻው ሳያልፍ እንዳይመረት ብዬ ፈርሜ ወጣሁ።

ወደ ሚላን በሚመለሰው ባቡር ላይ ለሴትየዋ ደወልኩላት። ፋብሪካውም ፕላስቲኩም እንዳልነበረ፣ እኔ መስመሩን ስቀይር ብረቱን መርሳቴን ነገርኳት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች።

"አሁንስ ብረቱ ስንት ሆነ?" አለችኝ።

"68 ሚሊ ሜትር።"

"እሺ" አለች። "ሲደርስ መጥቼ እረግጠዋለሁ።"